አንድን ሐይቅ ሰማንያ ዓመት መለካት

መልእክተኛውን ኦስትሪያ ባለው ሞንድዜ ሐይቅ ውስጥ የጣልሁት እኔ ነበርሁ። መልእክተኛ ያልሁት ሰው አይደለም፤ ከነሐስ የተሠራ፣ ለገመድ ማስገቢያ የሚሆን ስንጥቅ ያለው፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ክብደት ነው። ከሐይቅ ጥልቀት ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ክብደቱ በዚያው ገመድ ላይ ይለቀቃል፤ እየተንሸራተተ ወርዶ የቱቦውን መያዣ ሲመታው ክዳኖቹ ይዘጋሉ፤ የ20 ሜትሩ ውኃ ከላይኛው ጋር ሳይደባለቅ ተቆልፎ ይወጣል። እኔ በዚያ ቀዝቃዛ ጠዋት ክብደቱን ገመዱ ላይ በደንብ ሳላስገባው ለቀቅሁት። የጀልባውን ጠርዝ ነክቶ ነጠረና አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ወደ ታች ጠፋ።

ስለ ዋጋው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አስተማሪያችን ስለ ነሐሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። መዝገቡን ከፍተው እርሳስ ሰጡኝና በ20 ሜትሩ ረድፍ ላይ «አልተቀዳም» ብዬ እንድጽፍ፣ ከጎኑም ምክንያቱን «መልእክተኛው ጠፋ» ብዬ እንድጨምር አዘዙኝ። እንደ ቅጣት ቆጠርሁት። ከላይና ከታች ያሉት ጥልቀቶች ስለተለኩ በመሐላቸው ያለውን ገምቶ መሙላት ቀላል መስሎ ታይቶኝ፣ «መካከለኛውን ልጻፍ?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸው ግን ምክንያቱ የተጻፈለትን ባዶ ቦታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው እንደሚረዳው፣ በግምት የገባ ቁጥር ግን ከተለካው ተለይቶ እንደማይታወቅ ነገሩኝ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኦስትሪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች የሊምኖሎጂ፣ ማለትም የሐይቅና የወንዝ ውኃ ሳይንስ ሥልጠና ስትሰጥ የቆየች አገር ናት። ከኢትዮጵያም በዚያ በር ያለፉ አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው፤ በእኛ ጊዜ ደብረ ዘይት እንለው በነበረው ከተማ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ በተኙ ሐይቆች መሐል። ከአገር ስወጣ የአውሮፓ የምርምር ተቋም ማለት አዝራር ተጭነህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የሞላበት ቤት ነው ብዬ እገምት ነበር። መሣሪያው በእርግጥ ነበረ። በየተቋሙ ሰዎች በኩራት አውጥተው የሚያሳዩት ግን መሣሪያውን ሳይሆን መዝገቡን ነበር፤ ዳሩ የተበላ፣ ውኃ የነካው፣ በአምስት ስድስት ሰው የእጅ ጽሕፈት የተሞላ መዝገብ።

የሙያው ዕቃዎች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። ውኃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ የምንለካበት ነጭ ሳህን ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንጄሎ ሴኪ በ1865 ከመርከብ ላይ ወደ ባሕር ያወረዱት ዓይነት ነው፤ ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ አለቀ። እኔ መልእክተኛውን የጣልሁበት የውኃ መቅጃ የሚጠራው በፍራንዝ ሩትነር ስም ነው፤ እርሳቸውም ኦስትሪያ ውስጥ ሉንዝ በተባለች የተራራ መንደር ያለውን የምርምር ጣቢያ ለብዙ አሠርት ዓመታት የመሩ ሰው ናቸው። ሳይንሱን ራሱን በስሙ የጠሩት ደግሞ የስዊዘርላንዱ ፍራንስዋ አልፎንስ ፎሬል ሲሆኑ፣ በሎዛን የሰውነት አካል ትምህርት እያስተማሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደጃቸው ላይ ባለው በጄኔቫ ሐይቅ ነው። ስለዚያ ሐይቅ የጻፉት ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ከ1892 እስከ 1904 ድረስ ወጥቶ አለቀ። ስለ አንድ ሐይቅ ብቻ ሦስት ቅጽ! ተማሪ ሳለሁ ይህ የሀብታም ሰው ቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን የቀየረችው ዊንደርሚር ናት። ያየኋት ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ዘነበ። ዊንደርሚር የእንግሊዝ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ60 ሜትር ያልፋል። በ1929 የተመሠረተው የሐይቅና የወንዝ ሥነ ሕይወት ማኅበር ሥራውን የጀመረው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ባለ ሬይ ካስል በሚባል ሕንጻ ሲሆን፣ ሕንጻው በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ነገር ግን የመካከለኛው ዘመን ምሽግ እንዲመስል የተደረገ ነው። በዚያ የውሸት ምሽግ ውስጥ ጥቂት ወጣት ተመራማሪዎች ማይክሮስኮፕ ተክለው ተቀመጡ። ከ1945 ጀምሮም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በጀልባ እየወጡ ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ንጥረ ነገርና የአልጌውን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ተክል መሰል ነገሮች ብዛት መመዝገብ ያዙ። ተቋሙ ስሙን ቀየረ፤ ባለቤቱ ተለወጠ፤ ሠራተኞቹ ወደ ላንካስተር ተዛወሩ። ጀልባዋ ግን አሁንም ትወጣለች። ሰማንያ ዓመት ሆነ።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆን ላንድ ነበሩ። የሚቆጥሩት አስተሪዮኔላ የምትባል አልጌ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ስትታይ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቀጫጭን ዘንጎች ከአንድ ማዕከል ወጥተው የተበተኑባት ኮከብ ትመስላለች። የእያንዳንዱ ዘንግ ግድግዳ የተሠራው ከሲሊካ፣ ማለትም ከመስታወት ዘር ነው። በየጸደዩ ሐይቁን ትሞላውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንገት ትጠፋለች። ለምን? ላንድ ዓመት ከዓመት ኮከቦቹን ሲቆጥሩ፣ የሲሊካውንም መጠን ጎን ለጎን ሲለኩ ቆይተው፣ በሊትር ወደ 0.5 ሚሊ ግራም ሲወርድ ዕድገቷ እንደሚቆም አሳዩ። ቤት መሥሪያው አልቆባታል ማለት ነው። ይህ በአንድ ዓመት ልኬት ቢታይ የአጋጣሚ ነገር ነው ተብሎ በታለፈ ነበር፤ ዓመታት ሲደራረቡ ግን አጋጣሚ መሆኑ ይቀራል። ባለቤታቸው ሂልዳ ካንተር በበኩላቸው እነዚሁኑ አልጌዎች የሚበሉትን ጥቃቅን ፈንገሶች ያጠኑ ነበርና፣ በዚያ ቤት የእራት ጨዋታው ምን እንደሚመስል ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ክሊፎርድ ሞርቲመር ደግሞ ዓይናቸው ከጭቃው ላይ ነበር። ጦርነቱ አውሮፓን በሚያነድበት በ1941 እና በ1942 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ውስጥ የሐይቅ ወለል ጭቃ ኦክስጅን ሲያገኝና ሲያጣ ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። ኦክስጅን እስካለ ድረስ በጭቃው ገጽ ላይ ያለው ብረት እንደ ዝገት ሆኖ ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟል፤ የያዘውንም ፎስፈረስ ወደ ውኃው ይለቀዋል። ፎስፈረስ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ ከከተማ በሚገባ ፍሳሽ የታመመ ሐይቅ ፍሳሹ ቢቆምለትም ወዲያው አይድንም፤ ለዓመታት በወለሉ ያጠራቀመውን ራሱ እያወጣ ራሱን ይመግባል። በ1992 በዊንደርሚር ዳር ባሉ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ፎስፈረስን ለይቶ ማስቀረት ሲጀመር፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ማነጻጸር የተቻለው አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር በመኖሩ ነው። ማንም ሰው በ1945 ስለ 1992 አስቦ አልነበረም።

ወደ ቢሾፍቱ የሚመልሰኝን ክር ያገኘሁት ሞንድዜ ሳለሁ፣ በመጽሔት ክምር ውስጥ ነው። በ1973 የታተመ ጽሑፍ ነው፤ የሚናገረውም የውኃ ውስጥ አልጌ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ምግብ ሊሠራ የሚችልበት ከፍተኛው ጣራ ምን ያህል እንደሆነ ሲሆን፣ ማስረጃው የመጣው ከኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች፣ ማለትም ሶዳ የሚባለው ጨው በብዛት ከሟሟባቸው ሐይቆች ነበር። ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ የዊንደርሚሩ ጃክ ታሊንግ ናቸው፤ ሌሎቹ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር ይባላሉ። እነዚህ ሦስቱ በዚያ ዘመን የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ የቢሾፍቱን ሐይቆች ጥልቀትና ኬሚስትሪ ለክተው በ1968 ያሳተሙ ናቸው። ገጹን ስገልጥ አረንጓዴ ሐይቅ የሚለው ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ አየሁ። ልጅ ሆነን ድንጋይ የምንወረውርበት፣ ከሽታው የተነሣ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ሐይቅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በአረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ ስፒሩሊና የምትባለው፣ ጥምዝምዝ ክር የምትመስል አልጌ ከመብዛቷ የተነሣ ብርሃን ወደ ታች የሚዘልቀው ከአንድ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን ይጋርዷቸዋል። ንጥረ ነገር ሞልቷል፤ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ውኃው ሞቃት ነው፤ ስለዚህ እንደ ሌሎች ሐይቆች አንዱ ነገር ጎድሎ ዕድገትን አይገታም፤ የሚገታው እርስ በርስ መጋረድ ብቻ ነው። ስለዚህም ታሊንግና ጓደኞቻቸው የዕድገትን የመጨረሻ ጣራ መፈለግ ያለባቸው በዚህና በጎረቤቱ በኪሎሌ መሆኑን ተረዱ፤ የለኩትም መጠን እስከዚያን ጊዜ በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ከተለኩት ሁሉ ከከፍተኞቹ ተርታ የሚቆም ሆነ። ከዚያ በኋላ ቪየና ውስጥ መድኃኒትና ሳሙና በሚሸጥበት ሱቅ ስፒሩሊና በእንክብል ታሽጎ ባየሁ ጊዜ ዋጋውን አንብቤ፣ የድንጋይ ውርወራችንን አስቤ ሳቅሁ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ያስቃል አልልም። በልጅነቴ በታኅሣሥ ወይም በጥር አንዳንድ ጠዋት ከከተማው ሐይቆች አንዱ ዳር ስንወርድ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ተንሳፍፎ እናገኘው ነበር። አንዱ መርዝ ተጨምሮበት ነው ይላል፤ ሌላው የሐይቁ ቁጣ ነው ይላል፤ አያቴ ደግሞ ማናችንም ዓሣ ለቀማ እንዳንሄድ ይከለክሉን ነበር። እነዚሁ አራት ሰዎች በ1965 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ መልሱ ተቀምጧል። ሐይቆቹ ጥልቅ ናቸው፤ በጉድጓድ ውስጥ ስላሉም ነፋስ ብዙ አይደርስባቸውም፤ በሞቃቱ ወራት ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆነው ሳይገናኙ ይከርማሉ። የታችኛው ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ በሚቆረጥምባቸው በታኅሣሥና በጥር ግን የላይኛው ውኃ እየቀዘቀዘ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያ ኦክስጅን አልባ ውኃ ከላይኛው ጋር ይደባለቃል፤ ዓሣውም አየር ያጥረዋል። መርዝ የጨመረ የለም። ይህ ሲታተም እኔ አልተወለድሁም ነበር፤ ሲነገረኝ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኝ፣ ባሕር ማዶ፣ በሌላ ሰው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርሁ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በአፋን ኦሮሞ «ሆራ» የሚባለው ከብት ለማዕድኑ ሲባል የሚጠጣው ጨው ያለበት ውኃ ነው፤ በከተማው መሐል ያለውም ሐይቅ ስሙ ይኸው ነው። የውኃውን ዓይነት በስሙ ለይቶ ማስቀመጥ የኬሚስትሪ የመጀመሪያው ሥራ ነውና፣ እረኞቹ ከማንም ተቋም ቀድመው ሠርተውታል።

ኪሎሌ አሁን በ1973 የተጻፈላት ሐይቅ አይደለችም። በ1989 የሞጆ ወንዝ ወደ እርሷ እንዲገባ ተደረገ፤ ሶዳው ቀጠነ፤ የኖሩባትም አልጌዎች በሌሎች ተተኩ። ያ መልካም ነው ወይም መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ግብርናም ውኃ ይፈልጋል። ለውጥ መሆኑን ያወቅነው ግን ከለውጡ በፊት ሰዎች ገመድና ጠርሙስ ይዘው ወርደውባት ስለነበር ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም እንዲሁ ነው፤ ኤልሳቤጥ ከበደና ዝናቡ ገብረማርያም በስዊድን ኡፕሳላ ከነበሩት ከኢንጌማር አልግሬን ጋር በ1994 ያሳተሙት የሐይቆቹ የጨውና የሶዳ ንጽጽር፣ ከዚያም በ2002 የወጣው የሰባቱ ሐይቆች የረጅም ጊዜ ለውጥ ጥናት፣ በ1960ዎቹ የተለኩት ቁጥሮች ባይኖሩ የሚቆሙበት መሬት አይኖራቸውም ነበር። የአቢጃታ ሐይቅ መጉደልና መሸሽ ዛሬ በዓይን ይታያል፤ ዓይን ግን ስንት እጥፍ እንደሆነ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ስል የአውሮፓ ተቋማት ሁሉ የማይናወጡ ናቸው እንዳይመስል እፈራለሁ። ሰሜን ጀርመን ፕሎን ያለው ጣቢያ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኦቶ ዛካሪያስ የተመሠረተ ነው፤ አውጉስት ቲነማን ከ1917 ጀምሮ ለአርባ ዓመት መርተውት በዓለም ላይ የሐይቅ ሳይንስ መናኸሪያ ሆኖ ነበር፤ በ2007 የማክስ ፕላንክ የዝግመተ ለውጥ ሥነ ሕይወት ተቋም ሆነ። ሥራው ትልቅ ነው፤ ሐይቅ ግን አይደለም። የሩትነር ሉንዝም በ1905 የተከፈተች፣ በ2003 የተዘጋች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በሌላ ስም ያቋቋሟት ናት። ከበርሊን በስተ ሰሜን ባለው በስቴችሊን ሐይቅ ያለው ጣቢያ ታሪኩ ደግሞ ለየት ይላል፤ በአቅራቢያው በመገንባት ላይ የነበረ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሞቃት ውኃውን ወደ ሐይቁ ሊለቅ ነውና ውጤቱ ይጠና ተብሎ የተተከለ ነበር፤ ማመንጫው በ1990 ተዘጋ፤ ጣቢያው አለ። ተመልካቹ ከሚመለከተው ነገር የበለጠ ዕድሜ ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ብራይተንባኽ የምትባል፣ አንድ ሰው በሁለት እርምጃ የሚሻገራት ጅረት ናት። በጀርመን መሐል በሽሊትዝ ከተማ አጠገብ ትፈሳለች። የማክስ ፕላንክ የወንዝ ጣቢያ ተመራማሪዎች በጅረቷ ላይ የመስታወት ቤት ሠሩ፤ ተክል የሚበቅልበት ዓይነት ቤት ሆኖ ወለሉ ወራጅ ውኃ ነው። የብዙ ነፍሳት እጮች የሚያድጉት ከድንጋይ ሥር በውኃ ውስጥ ነው፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ክንፍ አውጥተው ይበርራሉ። በመስታወቱ ቤት ውስጥ የወጡት ሁሉ እየተለቀሙ፣ አንድ በአንድ በዝርያቸው እየተለዩ ተቆጠሩ፤ ከ1969 ጀምሮ፣ ዓመት ከዓመት። ጣቢያው በ2006 ማብቂያ ተዘጋ፤ መልቀሙ ግን እስከ 2010 ቀጠለ። አርባ ሁለት ዓመት። ቁጥሮቹ በአንድነት ተሰልተው በ2020 ሲታተሙ፣ ጥብቅ በሆነ ስፍራ፣ ፋብሪካም እርሻም ባላወከው ጅረት፣ የነፍሳቱ ብዛት በ81.6 በመቶ አሽቆልቁሎ ተገኘ። በዚያው ዘመን የውኃው ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። የዝርያዎቹ ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጥቂት ጨምሯል፤ ማለትም በአንድ ወቅት ጅረቷን ጎብኝቶ የዝርያ ዝርዝር ብቻ የሚይዝ ሰው ቢመጣ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይመለስ ነበር።

ይህን ጥናት ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ስለ ነፍሳቱ ብቻ አይደለም፤ ከ1969 እስከ 1975 ድረስ ሲለቅም ስለነበረው ሰው ነው። ያ ሰው በስድስት ዓመት ምን አገኘ? ምንም። አንዳንዱ ዓመት ብዙ፣ አንዳንዱ ዓመት ጥቂት። የዛሬ ገንዘብ ሰጪ በየሦስት ዓመቱ «ምን አዲስ ነገር አገኛችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እንዲህ ያለው ሰው የሚመልሰው ስለሌለው ገንዘቡ ይቋረጥበታል። ክትትል ምርምር አይደለም የሚል አስተያየት በአውሮፓም በእኛም አገር በስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ በሁለቱም ቦታ የተናገሩት ሰዎች ክትትል ያመጣውን ቁጥር በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሙ ነበሩ።

በስዊዘርላንድ ዱበንዶርፍ ያለው ኤዋግ፣ አጀማመሩ ከ1936 የሆነው የውኃ ምርምር ተቋም፣ ይህንኑ ነገር በሌላ በኩል አሳይቶኛል። የተቋሙ ሰዎች በስምጥ ሸለቋችን ውስጥ በፍሎራይድ ላይ ሠርተዋል። ወንጂንም መቂንም የሚያውቅ ሰው የቡናማውን ጥርስ ነገር ያውቃል፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚሟሟው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ነው፤ ጥርስን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይጎዳል። ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ የአጥንት ከሰል ነበር። የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ይቃጠልና ይፈጫል፤ ውኃው በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ይጣበቃል። በአጥንት የተጣራ ውኃ በጾመኛ ቤት ጥያቄ ማስነሣቱ የማይቀር ነውና፣ ከኬሚስቶቹ ጋር ሰዎች ማጣሪያውን ለምን እንደሚቀበሉና ለምን እንደሚተዉት የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም አብረው መሥራታቸው ትክክል ነበር።

የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ከሰሉ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ውኃው በማጣሪያው እንደ ዱሮው ይወርዳል፣ እንደ ዱሮው ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙም ያው ነው፤ ፍሎራይዱ ግን ተመልሷል። በምላስም በዓይንም አይለይም። አንድ ሰው በየጊዜው እየመጣ መለካት አለበት፤ የመጀመሪያው ሪባን ከተቆረጠና ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ፣ ጉዳዩ ለማንም ዜና ባልሆነበት ጊዜ መምጣት አለበት። ማጣሪያ ለመሥራት ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ለመመለስ ግን በየወሩ ለአንድ ሰው የሚከፈል ደመወዝና ለሞተር ብስክሌቱ የሚሆን ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለማግኘት ይከብዳል።

እኔም የምፈርደው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከአውሮፓ ከተመለስሁ በኋላ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ለአምስት ዓመት ያህል በየወሩ ከሐይቅ የምናመጣውን ውጤት በመዝገብ እናሰፍር ነበር። ቢሮው ሲቀየር መዝገቦቹ በካርቶን ታሽገው ወደ መጋዘን ገቡ፤ ሌላ ሰው መጋዘኑን ለሌላ ሥራ ሲፈልገው ካርቶኑ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። ግልባጭ ነበረን፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ። ኮምፒውተሩ ተበላሸ። ጥፋቱ የማንም ብቻ አይደለም፤ እኔም ሁለተኛ ግልባጭ መያዝ የምችል ሰው ነበርሁ፤ አልያዝሁም። የአስተማሪዬን «ከሠላሳ ዓመት በኋላ» ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው፤ የእኛው አምስት ዓመት እንኳ አልደረሰም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ብረት በያጅ ዘንድ ሄጄ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ አስቆረጥሁ፤ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ መሐሉን አስበስቼ ገመድ አሰርሁበት፤ ገመዱንም በየግማሽ ሜትሩ ቋጠርሁት። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ ወደሆነው ወደ ባቦጋያ እወርዳለሁ። ጀልባ የሚቀዝፈው ልጅ በመጀመሪያው ቀን የጠፋ ነገር የምፈልግ መስሎት፣ «ጋሼ፣ ምን ጣሉ?» ብሎኝ ነበር። ምንም እንዳልጣልሁ፣ ሳህኑ ከዓይን የሚጠፋበትን ቦታ እንደምፈልግ ስነግረው በአክብሮት ዝም አለ፤ ምን እንዳሰበ ግን ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በሦስተኛው ወር ገመዱን እርሱ ያዘ። በአምስተኛው ላይ ጀልባዋን ሳልነግረው ጥላው በእኛ በኩል እንዲሆን አዞራት፤ የፀሐይ ነጸብራቅ ዓይንን ያሳስታልና። ሳህኑን ተሸክሞ መመላለሱ ሲከብደኝ ከጀልባዎቹ መጠለያ እርሱ ዘንድ አስቀመጥሁት።

ባለፈው ሐምሌ ታምሜ አልሄድሁም። በነሐሴ ስወርድ ደብተሬን አውጥቼ በሐምሌ ረድፍ ላይ «አልተለካም» ብዬ ልጽፍ እርሳሱን ስስል፣ ልጁ «ለክቼልዎታለሁ እኮ» አለኝ።

«በየትኛው ቀን?»

«በመጀመሪያው ቅዳሜ ነዋ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ በጥላው በኩል። ደመና ነበረ።»

«ስንት ላይ ጠፋ?»

ገመዱን አነሣና በአንዱ ቋጠሮና በሚቀጥለው መሐል የታሰረች ቀይ ክር አሳየኝ። በመለኪያ ለካኋት። ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ከጎኑም «ደመናማ» ብዬ ጨመርሁ፤ «የለካው» በሚለው ዓምድ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ያልሆነ ስም እንዲገባ እርሳሱን ሰጠሁት።